የጄኔሬተሩ ዲጂታል ተቆጣጣሪ ለምን ይፈተናል?

መብራት ሲጠፋ የማያውቅ ሰው የለም። መብራት ሳይጠፋ ሲውልና ሲያድር ግን ለምን እንዳልጠፋ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። አምፖሉ ሳይፈዝና ሳይርገበገብ ሲበራ፣ የወፍጮው ሞተር ኃይሉ ሳይደክም ሲዞር፣ በሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ የጀመረውን ቀዶ ሕክምና ሳያቋርጥ ሲፈጽም፣ ይህ ሁሉ እንደ ፀሐይ መውጣትና መግባት በራሱ የሚሆን ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከመብራቱ በስተጀርባ፣ ምናልባትም በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ በሚገኝ የኃይል ማመንጫ ቤት ውስጥ፣ በአንድ የብረት ቁም ሣጥን ተዘግቶበት፣ በየሴኮንዱ ብዙ ጊዜ የሚለካ፣ የሚያሰላና የሚያርም መሣሪያ አለ። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ መሣሪያ፣ በተለይም እምነት ከመጣሉ በፊት ስለሚደረግለት ፈተና ነው።

ይህ የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታያቸው አንባቢዎች ይኖሩ ይሆናል። እኛ ግን በትምህርት ቤት ያለውን ተማሪም ሆነ፣ በመሥሪያ ቤት ተቀምጦ «ተመርምሮ ደኅና ሆኖ ተገኝቷል» በሚለው ወረቀት ላይ ስሙን የሚፈርመውን ወጣት ሹም እኩል የሚመለከት ነው እንላለን። ለምን እንዲህ እንዳልን ከዚህ በታች የምንተርከው ያስረዳል። በጽሑፋችን ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የቮልቴጁ ልጓም

እንግሊዛዊው ሊቅ ማይክል ፋራዴይ በ1831 እንዳሳየው፣ ማግኔት በሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ታላላቆቹ ጄኔሬተሮች እስከ ዛሬ የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው። ጄኔሬተር ሁለት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት፤ ይኸውም ሳይንቀሳቀስ የሚቆመው ስታተርና በመካከሉ የሚሽከረከረው ሮተር ናቸው። ውሃው ወይም እንፋሎቱ ተርባይኑን ያዞራል፤ ተርባይኑም ሮተሩን ያዞራል። ሮተሩ ማግኔት ሆኖ በተሽከረከረ ጊዜ በስታተሩ ሽቦዎች ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ማግኔት ሳይሆን ቢሽከረከር ግን የሚገኘው ትርፍ ድካም ብቻ ነው።

ታዲያ ይህ ማግኔት እንደ ኮምፓስ መርፌ ለዘወትር ማግኔት ሆኖ የተሠራ አይደለም። በሮተሩ ላይ በተጠመጠመው መዳብ ውስጥ አቅጣጫውን የማይለውጥ የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲገባበት ማግኔት ይሆናል፤ ፍሰቱ ሲቋረጥ ማግኔትነቱም ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ይህን ፍሰት ለሮተሩ የመመገብ ሥራ በሙያው ቋንቋ ኤክሳይቴሽን ይባላል። በትልቅ ጄኔሬተር ላይ ፍሰቱ ከአንድ ሺህ አምፔር ሊበልጥ ይችላል። ፍሰቱ ሲጨመር ማግኔቱ ይበረታል፣ ቮልቴጁም ከፍ ይላል፤ ፍሰቱ ሲቀነስ ቮልቴጁ ይወርዳል። ስለዚህ ኤክሳይቴሽኑን የያዘ የቮልቴጁን ልጓም የያዘ ነው ማለት ነው።

በቀድሞ ጊዜ ይህን ልጓም የሚይዘው ሰው ነበር። ሠራተኛው በመለኪያው ሰሌዳ ፊት ቆሞ መርፌዋ ስትወርድ እጀታውን ወደ አንድ ወገን፣ ስትወጣ ደግሞ ወደ ሌላው ወገን ያዞር ነበር። ይሁን እንጂ የሰው እጅ የቱንም ያህል ቢተጋ መብረቅ የመታው መስመር የሚፈልገውን ፍጥነት ሊያደርስ አይችልም። ከዚህም የተነሣ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ እየተንቀጠቀጡ የሚሠሩ መካኒካዊ ተቆጣጣሪዎች መጡ። ቀጥሎም በኤሌክትሮኒክ የሚሠሩት ተተኩ፤ በ1960ዎቹ ታይሪስተር የተባለው ፈጣን የኤሌክትሪክ በር ወደ ሥራው ገባ፤ ከ1980ዎቹ መጨረሻና ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ ዲጂታሉ ተቆጣጣሪ ቦታውን ይዟል።

ዲጂታሉ ተቆጣጣሪ በባሕርዩ ለአንድ ሥራ የተመደበ ኮምፒዩተር ነው። የጄኔሬተሩን ቮልቴጅ ይለካል፤ የለካውን ወደ ቁጥር ይለውጣል፤ ቁጥሩን ከታዘዘው ቁጥር ጋር ያመዛዝናል፤ ልዩነቱን አስልቶም ታይሪስተሮቹ መቼ እንዲከፈቱ ትእዛዝ ይሰጣል። ከዚህም ሌላ ገደብ ጠባቂ ነው። ሮተሩ ከመጠን በላይ እንዳይግል፣ ማግኔቱም ከመጠን በላይ ደክሞ ጄኔሬተሩ ከሌሎቹ ጄኔሬተሮች ጋር የሚሄድበትን እርምጃ እንዳይስት ይከላከላል። ብዙውን ጊዜም በአንዱ ቁም ሣጥን ውስጥ ሁለት ተቆጣጣሪዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አንደኛው ሲሠራ ሁለተኛው ይከተለዋል፤ አንደኛው በታመመ ጊዜም ሥራውን ይረከበዋል።

ፍጥነት ብቻውን አይበቃም

አንድ መስመር በመብረቅ ሲመታ ቮልቴጁ በድንገት ይወድቃል። በዚህ ጊዜ ተቆጣጣሪው ማግኔቱን ወዲያውኑ ካላበረታው ጄኔሬተሩ ከመረቡ ጋር የነበረውን ስምምነት አጥቶ ሊለይ ይችላል። እንግዲህ ፈጣን ተቆጣጣሪ ደግ ነገር ነው። ነገር ግን በ1960ዎቹ የአሜሪካ መሐንዲሶች አንድ ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። ፈጣንና ኃይለኛ የሆኑት ተቆጣጣሪዎች ቮልቴጁን ሲያስተካክሉ፣ በሩቅ አገር በሚገኙ ጄኔሬተሮች መካከል የሚደረገውን የኃይል መወዛወዝ እንዲያውም ያባብሱት ጀመር። የዚህንም ምክንያት ፍራንሲስኮ ዴ ሜሎና ቻርለስ ኮንኮርዲያ የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች በ1969 ባሳተሙት ጽሑፍ አብራርተው ገለጹት።

ነገሩን በዥዋዥዌ መስለን እንመልከተው። ሕፃን በዥዋዥዌ ላይ ተቀምጦ ሲወዛወዝ የሚገፋው ሰው ጊዜውን ጠብቆ በሄደበት አቅጣጫ ከገፋው ውዝዋዜው እየጨመረ ይሄዳል። ጊዜውን ጠብቆ በተቃራኒው ከያዘው ግን ቀስ በቀስ ይቆማል። የሚገፋው ያው እጅ ነው፤ ኃይሉም ያው ነው፤ ልዩነቱ የጊዜው ብቻ ነው። ተቆጣጣሪውም እንዲሁ ነው። የሚሰጠው እርዳታ በጥቂት የሴኮንድ ክፍልፋይ ከዘገየ፣ ሊያረጋጋ የመጣው ራሱ አነቃናቂ ይሆናል። ለዚህ መድኃኒት እንዲሆን «ማረጋጊያ» የሚሉት ክፍል ከተቆጣጣሪው ጋር ተጨመረ፤ ሥራውም ውዝዋዜውን አይቶ በተቃራኒው ጊዜ መያዝ ነው። በዲጂታሉ ተቆጣጣሪ ውስጥ ይህ ማረጋጊያ ለብቻው የቆመ ሣጥን መሆኑ ቀርቶ ጥቂት የፕሮግራም መስመሮችና ጥቂት ቁጥሮች ሆኗል። አንዱ ቁጥር ቢሳሳት፣ ወይም የመደመር ምልክቱ በመቀነስ ቢለወጥ፣ ማረጋጊያው ዥዋዥዌውን በሄደበት የሚገፋ ይሆናል።

ወረቀቱ «ይጸናል» ያለው መረብ

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ። ቀኑ ቅዳሜ ኦገስት 10 ቀን 1996፣ ማለትም ነሐሴ 4 ቀን 1988 ዓ.ም. ነበር። በአሜሪካ ምዕራብ ሙቀቱ በርትቶ ስለነበረ ከሰሜኑ የኮሎምቢያ ወንዝ ግድቦች ወደ ደቡቡ ካሊፎርኒያ ብዙ ኃይል ይወርድ ነበር። ከቀኑ 9 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ላይ በኦሪጎን የሚገኝ አንድ የ500 ሺህ ቮልት መስመር ረግቦ ከዛፍ ጋር ተቀራረበና ተቋረጠ። የሱን ጭነት ሌሎች መስመሮች ተሸከሙት። ወደ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶም ሌላ መስመር ተቋረጠ፤ በአካባቢው ቮልቴጁ መውረድ ጀመረ።

በኮሎምቢያ ወንዝ ላይ የተሠራው የማክናሪ ግድብ ጄኔሬተሮች ቮልቴጁን ለመደገፍ ማግኔታቸውን አበረቱ። ሊያደርጉት የሚገባውም ይኸው ነበር። ነገር ግን በኤክሳይቴሽናቸው ውስጥ ያለው መጠበቂያ ሪሌይ ሁኔታውን እንደ ብልሽት ቆጥሮ ያለ አግባብ ሠራና ጄኔሬተሮቹን አንድ በአንድ ከሥራ አወጣቸው። 13ቱ ጄኔሬተሮች ከአንድ ደቂቃ ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ተነቀሉ። እርዳታ በተፈለገበት ሰዓት ረዳቱ ጥሎ ሄደ ማለት ነው። በመረቡ ላይ በአራት ሴኮንድ አንድ ጊዜ ያህል የሚመላለስ ውዝዋዜ ተነሣ፤ እየበረታም ሄደ። በ9 ሰዓት ከ48 ገደማ ኦሪጎንን ከካሊፎርኒያ ጋር የሚያያይዙት ታላላቅ መስመሮች ተበጠሱ፤ ከካናዳ እስከ ሰሜን ሜክሲኮ የተዘረጋው መረብም በአራት ደሴቶች ተከፋፈለ። ወደ 7.5 ሚሊዮን የሚሆኑ ደንበኞች መብራት አጡ፤ የተቋረጠውም ጭነት ከ30,000 ሜጋ ዋት በላይ ነበር። ከጥቂት ደቂቃ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያህል በጨለማ የቆዩ ነበሩ።

ዛፍና ሙቀት በየትም አገር አለ። ለእኛ ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምረን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። መሐንዲሶቹ የዚያን ቀን ሁኔታ በኮምፒዩተር ላይ እንደገና ሠሩት። ለዕቅድ ሥራ በየዓመቱ ይጠቀሙበት የነበረውን መረጃ አስገቡ፤ መስመሮቹንና ጄኔሬተሮቹን በተቋረጡበት ሰዓት አቋረጡ። ኮምፒዩተሩም መለሰ። ምን ብሎ? ውዝዋዜው ይረግባል፤ መረቡም ይጸናል ብሎ! በመስኩ ላይ የነበሩት መቅረጫዎች ግን ውዝዋዜው እያደገ ሲሄድ መዝግበውታል። የተሳሳተው ኮምፒዩተሩ አይደለም፤ ስሌቱን በትክክል አስልቷል። የተሳሳተው የተሰጠው መረጃ ነው። ጄኔሬተሮቹና ተቆጣጣሪዎቻቸው፣ በቀጥተኛ ፍሰት የሚሠራው ረጅም መስመርና የተጠቃሚዎቹ ጭነት በወረቀት ላይ የተጻፉት እንደ እውነተኛ ጠባያቸው አልነበረም።

ከዚህ በኋላ የምዕራቡን መረብ የሚያስተባብረው ምክር ቤት በ1997 ከ10 ሜጋ ቮልት አምፔር በላይ የሆኑ ጄኔሬተሮች ሁሉ በያሉበት እንዲፈተኑ አዘዘ። በ2014ም በሰሜን አሜሪካ የጸደቀው ደንብ የኤክሳይቴሽን መቆጣጠሪያዎች የወረቀት መግለጫ ከእውነተኛው መሣሪያ ጋር መስማማቱ በየ10 ዓመቱ እንዲረጋገጥ ደነገገ።

ዲጂታል መሆኑ ከፈተና ያድነዋልን?

አንዳንድ ሰዎች «ያ የድሮ ነገር ነው፤ ዛሬ ሁሉም ዲጂታል ስለሆነ ስሕተት የለም» ሲሉ ይሰማሉ። እውነት ነው፣ ዲጂታሉ መሣሪያ ከቀድሞው የሚሻልበት ብዙ ነገር አለው። የተሰጠው ቁጥር በሙቀትና በእርጅና ምክንያት እንደ አሮጌዎቹ መሣሪያዎች ወዲያና ወዲህ አይልም፤ የሆነውንም ሁሉ መዝግቦ ያቆያል። ነገር ግን አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ብለዋል። ዲጂታሉ የታዘዘውን በታማኝነት ይፈጽማል፤ ትእዛዙ ትክክል መሆኑን ግን አያውቅም። ቮልቴጁን የሚያመጣለት ትራንስፎርመር ያለው መጠን በስሕተት ቢጻፍበት፣ የተሳሳተውን ቮልቴጅ ያለ አንዳች ንቅንቅ ጠብቆ ይኖራል። በውስጡ ያሉት የሚስተካከሉ ቁጥሮች በመቶ የሚቆጠሩ ስለሆኑም ስሕተት የሚገባበት በር ጠበበ እንጂ አልተዘጋም።

ፈተናው በደረጃ በደረጃ የሚደረግ ነው። የመጀመሪያው በፋብሪካው ነው። ተቆጣጣሪው ከእውነተኛ ጄኔሬተር ጋር ሳይሆን ጄኔሬተርን አስመስሎ ከሚያሰላ ኮምፒዩተር ጋር ይያያዛል። ተቆጣጣሪው ይህን አያውቅም፤ እውነተኛ መኪና የያዘ መስሎት ይሠራል። በእውነተኛው መኪና ላይ ሊሞከር የማይደፈረው አደጋ ሁሉ እዚህ ያለ ጉዳት ይሞከራል።

ሁለተኛው በማመንጫው ቤት፣ መኪናው ቆሞ ሳለ ነው። የሽቦዎቹ ሽፋን ጥንካሬ ይለካል፤ እያንዳንዱ ሽቦ በሥዕሉ ላይ ወደተጻፈው ቦታ መድረሱ ይታያል፤ የሮተሩን ፍሰት የሚቆርጠው ብሬከር በታዘዘ ጊዜ መቁረጡ ይረጋገጣል።

ሦስተኛው መኪናው በሙሉ ፍጥነቱ እየተሽከረከረ ነገር ግን ከመረቡ ጋር ሳይያያዝ ነው። ቮልቴጁ ቀስ በቀስ ከፍ ይደረጋል። ከዚያም ዋናው ፈተና ይመጣል፤ ተቆጣጣሪው ቮልቴጁን በድንገት በመቶ ሁለት ከፍ እንዲያደርግ ይታዘዛል። ለ13,800 ቮልት ጄኔሬተር ይህ 276 ቮልት ብቻ ነው። ትንሽ ቢመስልም ብዙ ይናገራል። ቮልቴጁ በስንት ጊዜ ደረሰ? ካሰበው አልፎ ሄደን? አልፎ ከሄደስ ስንት ጊዜ ተመላልሶ ረጋ? ሐኪም የበሽተኛውን ጉልበት በትንሽ መዶሻ መታ አድርጎ ስለ ነርቩ እንደሚያውቅ፣ መሐንዲሱም ከዚህች ትንሽ ንክኪ የመኪናውን ጠባይ ያነባል።

አራተኛው መኪናው ከመረቡ ጋር ተያይዞ ጭነት ሲሸከም የሚደረገው ነው። እዚህ ጥንቃቄው ይበዛል፤ ምክንያቱም ፈተናው ቢበላሽ የሚጎዳው ጣቢያው ብቻ አይደለም። የመረቡ መቆጣጠሪያ ማእከል አስቀድሞ እንዲያውቀው ይደረጋል፤ የመኪናው መጠበቂያ ሪሌዮችም ከሥራ አይወጡም። ማረጋጊያው መጀመሪያ ተዘግቶ፣ በኋላ ተከፍቶ ያው ትንሽ ንክኪ ይሰጣል። ተዘግቶ ሳለ ኃይሉ ብዙ ጊዜ ተመላልሶ የሚረጋ ከሆነ፣ ሲከፈት በጥቂት ምልልስ መርጋት አለበት። የማረጋጊያውን ጉልበት ለመወሰን የተለመደው ዘዴ ጉልበቱን ቀስ በቀስ መጨመርና መኪናው መታወክ ሊጀምር ሲል ማቆም ነው፤ ከዚያም የተገኘው ቁጥር አንድ ሦስተኛው ይወሰድና ለዘወትር ሥራ ይመደባል። እስከ ጫፉ ሄዶ ጫፉን ማወቅ፣ ነገር ግን ከጫፉ ርቆ መኖር ማለት ነው።

ገደብ ጠባቂዎቹም ይፈተናሉ። በአሜሪካ መስፈርት የታላላቅ ክብ ሮተሮች መዳብ በመቶ 125 ፍሰት ሊሸከም የሚችለው ለ60 ሴኮንድ ብቻ ነው። ሮተሩን በእውነት እስከዚያ ማጋል አደገኛ ስለሆነ ገደቡ ለጊዜው ዝቅ ተደርጎ ይጻፋል፤ ተቆጣጣሪው በዝቅተኛው ገደብ ላይ መያዙ ይታያል፤ ከዚያም እውነተኛው ቁጥር ይመለሳል። እዚህ ላይ ነው ትልቁ ወጥመድ ያለው። የፈተናው ቁጥር ሳይመለስ ከተረሳ ተቆጣጣሪው በክፉ ቀን ያለ ጊዜው «በቃኝ» ይላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ፈታኞች ከፈተናው በፊት የነበሩትን ቁጥሮች ሁሉ ጽፈው ይይዛሉ፤ ፈተናው ሲያልቅም አንድ በአንድ ያመሳክራሉ።

በመጨረሻም ከመኪናው የተቀረጸው መስመርና በኮምፒዩተር የተሰላው መስመር በአንድ ወረቀት ላይ ይሣላሉ። ሁለቱ ከተደራረቡ መልካም ነው። ካልተደራረቡ ግን የሚታረመው ወረቀቱ ነው፤ መኪናው ለወረቀቱ ብሎ ጠባዩን አይለውጥምና።

የፈራሚው ድርሻ

በአገራችንም በ1952 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረው ከቆቃ አንሥቶ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከ ተመረቀው 13 ተርባይኖችና 5,150 ሜጋ ዋት አቅም እስካለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ድረስ፣ ማግኔቱን የሚመገብና ልጓም የሚያስፈልገው ጄኔሬተር ሁሉ ይህን ጉዳይ ከራሱ ጋር ይዞ ይኖራል። መረቡም ከ2011 ጀምሮ ከጅቡቲ ጋር የተያያዘ ነው። መረብ በሰፋ ቁጥር አንዱ ለሌላው መድኅን ይሆናል፤ በዚያው መጠን የአንዱ ስሕተት ወደ ሌላው ይደርሳል።

ፈተና ጊዜ ይወስዳል። መኪናው በሚፈተንበት ቀን የሚገባውን ያህል ኃይል አይሸጥም፤ የምረቃው ቀን ደርሷል፣ እንግዶች ተጠርተዋል፣ አለቃው ይቸኩላል። በዚህ ጊዜ «የቀረውን በኋላ እንፈትነዋለን፤ ለጊዜው ወረቀቱን ፈርምልን» የሚል ድምፅ መሰማቱ አይቀርም። ድምፁን የሚሰማው ብዙ ጊዜ መሐንዲሱ ሳይሆን ወረቀቱ የሚቀርብለት ወጣት ሹም ነው። እሱም ታይሪስተር እንዴት እንደሚከፈት ላያውቅ ይችላል። ነገር ግን ሦስት ጥያቄዎችን ለመጠየቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልገውም። ይህን ቁጥር የለካው ማነው፣ መቼስ ለካው? ከመኪናው የተቀረጸው መስመር የት አለ? ለፈተናው የተለወጡት ቁጥሮች ሁሉ ወደ ቦታቸው መመለሳቸውን ማን አመሳከረ?

መልስ ከተገኘ ይፈርም። መልስ ካልተገኘ ብዕሩን ያስቀምጥ፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላልና። የማክናሪ መጠበቂያ ሪሌዮች ሁኔታውን በተሳሳቱባት በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ ማንም ሰው በእጁ ሊያርማቸው አልቻለም። የሚታረሙበት ጊዜ ካለፈ ቆይቶ ነበር፤ እሱም ጸጥ ባለው፣ መብራቱ በደኅና በሚበራበት፣ ማንም በማይቸኩልበት የፈተና ቀን ነበር።